ማሽኑን ከመላክሽ በፊት

ልጄ፣

በስልክ የጠየቅሽኝን በጥድፊያ መመለስ አልወደድኩም። «አባቴን ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ውሃ እንኳ ትን ይላቸዋል፤ እዚህ አሜሪካ አንገት ላይ ተለጥፎ በኤሌክትሪክ መዋጥን የሚመልስ መሣሪያ አለ አሉኝ፤ ገዝቼ በሰው ልላክ?» ነበር ያልሽኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ ሆነሽ አዲስ አበባ ላለ ወላጅሽ ጉሮሮ የምትጨነቂ ልጅ ነሽና ተባረኪ። «አዎ ላኪ» ብልሽ አሳስትሻለሁ፤ «ተይው፣ ከንቱ ነው» ብልሽም እንደዚያው። ዕድሜዬን በነርስነት ያሳለፍኩ ሰው ነኝ፤ ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ስለዚህ ጉዳይ ማንበቤን፣ ሐኪሞችንም መጠየቄን አልተውኩም። የምጽፍልሽን ታናሽ እህትሽም ታንብበው፤ ማንኪያውን የያዘችው እሷ ናት። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ፍርዴን አስቀድሜ ልንገርሽ። ኤሌክትሪኩ ሐኪሞች የሚሠሩበት እውነተኛ ሕክምና ነው። የሠለጠነ እጅ ከያዘው፣ ከመዋጥ ልምምድም ጋር አብሮ ከሄደ አንዳንዱን ሕመምተኛ ሊያግዝ ይችላል። ሻንጣ ውስጥ ተከቶ መጥቶ፣ ማንም ሳይመረምራቸው ቤት ውስጥ አንገታቸው ላይ ቢለጠፍ ግን ለሕይወታቸው ያሰጋል። አባቶች «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። እዚህም መቅደም ያለበት አለ፤ አንድ በአንድ እነግርሻለሁ።

መዋጥ ሳናስበው የምናደርገው ስለሆነ ቀላል ይመስለናል። አንዲት ጉርሻ ከአፍ ወደ ሆድ እስክትወርድ ግን ወደ 30 ጥንድ የሚጠጉ ጡንቻዎች ተራ ጠብቀው ይሠራሉ። ከአንጎል ከሚወጡት 12 ጥንድ ነርቮች አምስቱ በዚህ ሥራ ይሳተፋሉ። ምላስ ጉርሻዋን ወደ ኋላ ይገፋታል፤ ማንቁርት ወደ ላይና ወደ ፊት ይነሣል፤ የመተንፈሻው በር ይዘጋል፤ የምግብ ቧንቧው አፍ ይከፈታል። ጉሮሮ ላይ የሚሆነው ይህ ሁሉ አንድ ሰከንድ ያህል ቢፈጅ ነው። ስትሮክ ትእዛዙን የሚሰጠውን የአንጎል ክፍል ሲጎዳው ተራው ይዛባል። በሩ ሳይዘጋ ውሃው ቀድሞ ይደርሳል፤ ወደ ሆድ መውረድ የነበረበት ወደ ሳንባ ይሄዳል። አባትሽ ላይ የሚታየው ይኸው ነው። ጉሮሯቸው አልጠበበም፣ አልቆሰለምም። የተጎዳው አዛዡ ነው።

ይህ በእሳቸው ብቻ የደረሰ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 በካናዳ የተሠራ አንድ ጥናት ከእሱ በፊት የተደረጉትን አሰባስቦ መርምሮ ነበር። ስትሮክ የያዛቸው ሰዎች በቀላል የአልጋ ዳር ማጣሪያ ሲታዩ የመዋጥ ችግር የተገኘባቸው ከ37 እስከ 45 በመቶ ናቸው። በመሣሪያ ሲመረመሩ ግን ቁጥሩ ከ64 እስከ 78 በመቶ ደረሰ። ይህን ልዩነት ልብ በይው። በዓይን የማይታይ፣ በጆሮ የማይሰማ ብዙ ችግር አለ ማለት ነው። ያው ጥናት እንደሚለው የመዋጥ ችግር ያለበት የስትሮክ ሕመምተኛ በሳንባ ምች የመያዝ ዕድሉ ሦስት እጥፍ ይሆናል። ምግቡ ወይም ውሃው ወደ መተንፈሻው መግባቱ በምርመራ የተረጋገጠበት ደግሞ 11 እጥፍ ነው።

እህትሽ «ሲያስላቸው አቆማለሁ፤ ካላሳላቸው እቀጥላለሁ» አለችኝ። ማሳሉ ጥሩ ምልክት ነው፤ ሰውነት የገባበትን እያስወጣ ነውና። የሚያስፈራው ሳይሳል የሚገባው ነው። ስትሮክ የጉሮሮን ስሜት ሲያደነዝዘው ውሃው ሳንባ ገብቶም ሰውየው ዝም ብሎ ይቀመጣል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባል የለ? ስለዚህ ከሳል ሌላ የምትጠብቃቸው ምልክቶች አሉ። ከዋጡ በኋላ ድምፃቸው ውሃ ያዘለ መስሎ መንኮርኮሩ፣ በጉንጫቸው ውስጥ ምግብ ተወትፎ መቅረቱ፣ ለሃጭ መዝረብረቡ፣ አንድ ማዕድ ከወትሮው እጥፍ ጊዜ መፍጀቱ፣ ያለምክንያት የሚመላለስ ትኩሳት፣ የልብሳቸው እየሰፋ መሄድ። ትኩሳትና ፈጣን ትንፋሽ አብረው ከመጡ ቤት ውስጥ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይወሰዱ።

ስለዚህ ከሁሉ ቀድሞ ምርመራው ነው። ትክክለኛው ምርመራ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ባሪየም የተቀላቀለበት ምግብና መጠጥ እየዋጡ በራጅ የሚቀረጽ ነው። ሁለተኛው ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍንጫ ገብቶ ጉሮሮን ከላይ ሆኖ የሚያይበት ነው። በአገራችን የንግግርና የመዋጥ ቴራፒስቶች ቁጥር በጣም ትንሽ ነው፤ ከትልልቅ ከተሞች ውጪ ማግኘቱ ይከብዳል። የካሜራው ቱቦ ግን ከአንገት በላይ ሐኪሞች እጅ አለ። አባትሽ አዲስ አበባ መሆናቸው ለዚህ ጠቅሟቸዋል። በምን ዓይነት ምግብ፣ በየትኛው አቀማመጥ፣ በየትኛው ቅጽበት ትን እንደሚላቸው ሳይታወቅ ኤሌክትሪክም ሆነ ልምምድ ማዘዝ የጭፍን ሥራ ነው።

አሁን ወደ ጠየቅሽኝ ልምጣ። ሰው «ኤሌክትሪኩ» ብሎ በአንድ ስም ይጥራው እንጂ ሁለት የተለያዩ ሕክምናዎች ናቸው።

አንቺ የሰማሽው የቆዳውን ነው። ከአገጭ ሥርና ከማንቁርት ዙሪያ ፓድ የሚባሉ ትንንሽ ኤሌክትሮዶች ይለጠፋሉ፤ ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት ቆዳውን አልፎ ከሥሩ ያሉትን ጡንቻዎች ያኮማትራል። ከእነዚህ ውስጥ ስሙ የገነነው ቫይታልስቲም የሚባለው ነው። ማርሲ ፍሪድ የተባሉ የንግግር ቴራፒስት ክሊቭላንድ ውስጥ ያዳበሩት ሲሆን፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2001 ለገበያ እንዲቀርብ ፈቅዶለታል። በሰከንድ 80 ጊዜ ይመታል፤ የፍሰቱ ጣሪያ 25 ሚሊአምፔር ነው። ሕመምተኛው ፓዱ ተለጥፎለት ዝም ብሎ አይተኛም። ቴራፒስቱ አጠገቡ ሆኖ ደጋግሞ እንዲውጥ ያደርገዋል። እዚያው አንቺ ያለሽበት አገር እንኳ ይህ መሣሪያ የሚሰጠው በሐኪም ትእዛዝ፣ የሚሠራበትም በዚሁ የሠለጠነ ባለሙያ ነው።

ሁለተኛው ከእንግሊዝ፣ ከማንቸስተር የመጣ ነው። ሻሂን ሐምዲ የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አንድ ነገር አስተዋሉ። ከስትሮክ በኋላ መዋጥ የተመለሰላቸው ሰዎች አንጎል ሲታይ ሥራውን የተረከበው ያልተጎዳው ወገን ነበር። ድልድይ የተሰበረበት መንገደኛ የተተወውን ጥርጊያ መልሶ እንደሚያለምደው፣ አንጎልም ሌላ መንገድ ያለምዳል ማለት ነው። ታዲያ ይህን ለማፋጠን በአፍንጫ ቀጭን ቱቦ ያስገባሉ። ቱቦው ላይ ያሉት ኤሌክትሮዶች የጉሮሮን ውስጠኛ ግድግዳ ይነካሉ፤ በሰከንድ 5 ጊዜ እየመቱ በቀን 10 ደቂቃ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለ3 ተከታታይ ቀን ይሰጣል። ዓላማው ጡንቻን ማፈርጠም አይደለም፤ የጉሮሮን ስሜት ቀስቅሶ አንጎልን ማንቃት ነው። ይህኛው በሆስፒታል ካልሆነ የሚታሰብም አይደለም።

«ይሠራሉ ወይ?» ትዪኛለሽ። የማውቀውን ሳላሳምር ልንገርሽ። በጉሮሮ ውስጥ የሚሰጠው እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ የአውሮፓ ጥናት በ162 የስትሮክ ሕመምተኞች ላይ ሲፈተን፣ የይምሰል ሕክምና ከተሰጣቸው ጋር ልዩነት አላሳየም። በ2018 በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ሕመማቸው እጅግ ጠንቶ አንገታቸው ተከፍቶ በቱቦ በሚተነፍሱ 69 ሰዎች ላይ ተሞከረ። ሕክምናውን ካገኙት 35 ውስጥ 17ቱ ቱቦው ሊወጣላቸው የሚችል ሆኑ፤ ካላገኙት 34 ውስጥ ግን 3ቱ ብቻ። አየሽ፣ አንዱ ሕክምና ለአንዱ ዓይነት ሕመምተኛ ብርቱ ሆኖ ለሌላው ምንም ሳያደርግ ይቀራል። አባትሽ በአፍንጫቸው የሚተነፍሱ፣ ቤታቸው የገቡ ሰው ናቸው፤ የእነዚያ ሰዎች ውጤት ለእሳቸው ይሆናል ብሎ መመኘት አይገባም።

የቆዳውን በተመለከተ የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም፣ ናይስ የሚባለው፣ በ2018 ማስረጃውን ሁሉ መዝኖ ብይን ሰጥቷል። ከስትሮክ በኋላ ለሚመጣ የመዋጥ ችግር ሊጠቅም እንደሚችል የሚያመለክት ማስረጃ አለ፤ ይሁን እንጂ ብዛቱም ጥራቱም ውሱን ስለሆነ ልዩ ቁጥጥር፣ የሕመምተኛው ፈቃድና የውጤት ክትትል ባለበት ብቻ ይሰጥ፤ ይላል። እኔም ከዚህ የተሻለ ፍርድ የለኝም። በሚታወቁ የልምምድ ዓይነቶች ላይ ሲጨመር የተሻለ ውጤት ያሳየባቸው ጥናቶች አሉ፤ ብቻውን ልምምድን ተክቶ የሚያድን ነው የሚል ሰው ካገኘሽ ግን ሻጭ ነው። አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም።

አንድ ነገር በተለይ እንድታስቢበት እፈልጋለሁ። ከመኖሪያሽ ብዙም በማይርቀው ቤቴስዳ፣ በብሔራዊ የጤና ተቋማት፣ ክሪስቲ ለድሎው የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተሙት ጥናት አለ። ለረጅም ጊዜ መዋጥ ያስቸገራቸው ሰዎች አንገት ላይ ኤሌክትሮዶቹን ለጥፈው በራጅ ተመለከቱ። ሕመምተኞቹ ሳይውጡ በተቀመጡበት ፍሰቱ ሲለቀቅ፣ ከማንቁርት በላይ ያለችው አጥንት ወደ ታች ተጎተተች። ለመዋጥ ግን ወደ ላይ መነሣት ነው ያለባት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ወደ ታች የሚጎትቱት ጡንቻዎች ለቆዳ ይቀርባሉ፣ ወደ ላይ የሚያነሡት ጥልቅ ናቸው፤ ኤሌክትሪኩ ቀድሞ የሚያገኘው የቀረበውን ነው። ማንቁርቱን በራሱ ጉልበት ማንሣት ለሚችል ሰው ይህ ጫና እንደ ተጨማሪ ልምምድ ሊሆንለት ይችላል። ለማይችለው ግን በሩን ጭራሽ ክፍት ያደርግበታል። የፓዱ ቦታ በጣት ስፋት ሲቀየር ውጤቱ ይለወጣል። አባትሽ ከየትኛው ወገን እንደሆኑ የሚታወቀው ባልኩሽ ምርመራ ብቻ ነው።

በኢንተርኔት በርካሽ የሚሸጡት የጀርባና የጉልበት ሕመም ማስታገሻ መሣሪያዎች፣ ቴንስ የሚባሉት፣ ደግሞ ጨርሶ ለዚህ የተሠሩ አይደሉም። ከዕቃው ጋር የሚመጣውን ወረቀት አንብቢው። አንገት ፊት ለፊትና ጎን ላይ አታስቀምጡ ይላል። የጉሮሮን ጡንቻ በድንገት አኮማትሮ ትንፋሽ ሊያሳጥር ይችላል። በአንገት ጎን የሚያልፈው ትልቁ የደም ሥር አጠገብም ሲያርፍ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ሊያወርድ ይችላል። የልብ ምት የሚያስተካክል ፔስሜከር በደረቱ ያለበት ሰው፣ አንገቱ ላይ ዕጢ ወይም ቁስል ያለበት ሰው፣ የሚጥል ሕመሙ በቁጥጥር ሥር ያልዋለ፣ «አመመኝ» ብሎ መናገር የማይችል ሰው፤ ለእነዚህ የሠለጠነውም ባለሙያ ቢሆን ወይ ይተወዋል ወይ እጅግ ይጠነቀቃል። ሰው ሲጨነቅ የሚያገኘውን ሁሉ ይገዛል፤ ነጋዴም ይህን ያውቃል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል፤ አንቺ ደግሞ ሞኝ አይደለሽም፣ የተጨነቅሽ ልጅ ነሽ እንጂ።

አሁን ደግሞ ማሽን ወደማይጠይቀው ልምጣ። በበኩሌ ከኤሌክትሪኩ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ የማዕዱ ነገር ነው። በአውስትራሊያ፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ ውስጥ በ19 የስትሮክ ማዕከላት ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት አለ። ነርሶች የሕመምተኛውን ትኩሳት፣ ስኳርና መዋጥ በሥርዓት እንዲከታተሉ ተደረገ፤ ሌላ አዲስ መድኃኒት የለም፣ አዲስ ማሽንም የለም። ከ3 ወር በኋላ የሞቱት ወይም የሰው እጅ ጠባቂ ሆነው የቀሩት እንዲህ ባልተደረገበት ወገን 58 በመቶ ሲሆኑ፣ በተደረገበት 42 በመቶ ነበሩ። ይህን ሳነብ፣ ነርስ ነበርኩና፣ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ዓይንን ገልጦ መጠበቅ ይህን ያህል ሰው ከሞት ወይም የሰው እጅ ጠባቂ ከመሆን ያተርፋል።

በሽተኛ መጠየቅ ትልቅ ወጋችን ነው፤ እንዲቀርም አልፈልግም። ነገር ግን ጠያቂ ባዶ እጁን አይመጣም። ሙዝ ይዞ ይመጣል፣ ጁስ ይዞ ይመጣል፣ ወተት ይዞ ይመጣል። አጠገባቸው ቁጭ ብሎ «እስቲ በሞቴ፣ አንዴ ብቻ!» እያለ ያጎርሳል። አባትሽም ይሉኝታ አለባቸው፤ የወዳጅን ጉርሻ መመለስ ነውር ይመስላቸዋልና እየተናነቃቸው ይውጣሉ። ይህን ማስቆም ያለበት ቤተሰቡ ነው። እህትሽ ከደጅ «አባባ የሚበሉት በሐኪም ትእዛዝ ነው፤ እባካችሁ አታጉርሱልኝ» ትበል። የሚቀየማት አይኖርም፤ ቢኖርም ይለፈው። በሚበሉበት ሰዓት ወሬው ይቁም፣ ቴሌቪዥኑ ይጥፋ። እየዋጡ መልስ መስጠት ለእሳቸው ከባድ ሥራ ነው።

ሲበሉ ቀጥ ብለው ይቀመጡ። ተጋድመው ወይም በእንቅልፍ ተጫጭነው ሳሉ ምንም ነገር አይሰጣቸው። በሻይ ማንኪያ፣ በልኩ፣ አንዱ መዋጡ ሳይታይ ሌላው አይከተል። ከበሉ በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል እንደተቀመጡ ይቆዩ። አገጭን ወደ ደረት ዝቅ አድርጎ መዋጥ ለብዙዎች ይረዳል፤ ለአንዳንዱ ግን አይሆንምና ምርመራው ይወስነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው ምጣድ ዳር ብቻ አይደለም፤ እዚህ የሚፈሰው ሳንባ ውስጥ ነው፣ አይለቀምም።

ቀጭን ነገር ከወፍራም ይልቅ ያስቸግራቸዋል፤ ፈጥኖ ስለሚሮጥ ጉሮሮው አይደርስበትም። ስለዚህ ውሃው እንዲወፍር ያዙላቸው ይሆናል። ማወፈሪያው ዱቄት አንቺ ዘንድ በየፋርማሲው ይሸጣል፤ ሐኪሙ ካዘዘና የውፍረቱን መጠን ከነገራችሁ ያን ላኪ። ያለ ትእዛዝ ግን አይሁን፤ የወፈረ ውሃ ስለማይጣፍጥ ሰው መጠጣት ይተዋል፣ ሰውነቱ ይደርቃል። ያኔ «የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የተባለው ይደርስባቸዋል፣ ቤቱ ሙሉ ውሃ እያለ። ፈሳሽና ጠጣር የተደባለቀበት ነገርም አስቸጋሪ ነው። መረቁ ቀድሞ ይወርዳል፣ ቁራሹ አፍ ውስጥ ይቀራል። ወጥ የበዛበት ፍትፍት፣ ሥጋና ድንች የተንሳፈፈበት ሾርባ እንዲህ ያሉ ናቸው። ቆሎና ደረቅ ዳቦ ለጊዜው ከቤት ይጥፉ። የተፈጨ፣ ጓል የሌለው፣ ከማንኪያ ላይ ቶሎ የማይፈስ አጥሚት የመሰለ ነገር ከብዙው ይሻላል፤ ይህም ሐኪሙ አይቶ ሲፈቅደው ነው። ክኒናቸውንም እንዲሁ ደቁሳችሁ አትስጡ፤ አንዳንዱ መድኃኒት ሲደቆስ ጠባዩ ይለወጣል፣ ፋርማሲስቱን ጠይቁ።

ጠበሉን በተመለከተ እህትሽ ፈርታ አልጠየቀችኝም፤ እኔ ልናገረው። እምነታቸውን ማንም አይነካባቸውም። ሕመማቸው ለንስሐ አባታቸው ይነገር፤ ቢረጩት፣ ቢቀቡት ይበቃል። በብርጭቆ ሙሉ ማጠጣት ግን ለጊዜው ይቅር። ስለ ቅዱስ ቁርባኑም አስቀድመው ይነጋገሩ። አባቶች ለታመመ ሰው የሚያደርጉትን ያውቁበታል።

ደግሞ አፋቸው። ይህን ሰው ይንቀዋል። ሳንባን የሚያቃጥለው የገባው ውሃ ብቻ አይደለም፤ ከውሃው ጋር የሚወርደው የአፍ ባክቴሪያ ነው። በጃፓን በአረጋውያን መጦሪያ ቤቶች ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት ከምግብ በኋላ አፋቸው በሥርዓት የተጸዳላቸው አረጋውያን በሳንባ ምች የመያዛቸው ነገር እንደቀነሰ አሳይቷል። ለስላሳ ብሩሽ፣ ጥቂት የጥርስ ሳሙና፣ ጠዋትና ማታ፤ ምላሳቸውም ጉንጫቸውም ይጸዳ፤ ሰው ሠራሽ ጥርስ ካላቸው ማታ ይውለቅ። መፋቂያ ወዳጅ መሆናቸውን አውቃለሁ፤ ስንጥሩ ጉሮሮ ስለሚገባ ለአሁኑ ይተውት። በአፍንጫ ቱቦ የሚመገብ ሰውም ቢሆን፣ በአፉ ስለማይበላ አፉ አይቆሽሽም አይባልም። ከውጭ የሚመጣ ማሽን ስንጠብቅ እቤታችን ያለውን ብሩሽ እንረሳለን፤ የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል።

ስለ ቱቦው ካነሣሁ፣ ሐኪሙ በአፍንጫ ቱቦ ለጊዜው ይመገቡ ቢል ቤተሰቡ አያልቅስ። ብዙ ሰው ቱቦውን የመጨረሻ ምልክት ያደርገዋል፤ ስሕተት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መዋጥ የሚመለስላቸው ብዙ ናቸው፤ እስከዚያ ሰውነት መራብ የለበትም። የተራበ ጡንቻ ልምምድ አይቀበልም።

ልምምዱም ይኸውልሽ፣ ስሙን እንድታውቂው ያህል። ጠንክሮ ጨምቆ መዋጥ አለ። ማንቁርቱ ሲነሣ ለሁለት ሦስት ሰከንድ ከላይ ይዞ ማቆየት አለ። በጀርባ ተኝቶ ትከሻን ሳያነሡ ራስን ብቻ ቀና አድርጎ የእግር ጣትን መመልከት አለ። ይህ የመጨረሻው የደም ግፊታቸው ላልተስተካከለ ወይም አንገታቸውን ለሚያማቸው ስለሚከብድ ሳይጠየቅ አይጀመር። በቀን ደጋግሞ፣ ለሳምንታት ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ አንድ ሰፊ ግምገማ 41 ጥናቶችንና 2,660 ሰዎችን መርምሮ፣ የመዋጥ ሕክምናዎች በአጠቃላይ የሞትን ቁጥር እንደማይቀንሱ፣ የሆስፒታል ቆይታን ግን ሊያሳጥሩ፣ የሳንባ ኢንፌክሽንንና የመዋጥ ችግሩን ሊቀንሱ እንደሚችሉ ደምድሟል። መጠነኛ ተስፋ ነው፤ ለአንድ ሰው ግን ሻይውን በራሱ እጅ መጠጣት ማለት ነው።

ምናልባት ምርመራው ተደርጎ፣ ኤሌክትሪኩን የሚሠራ ባለሙያ ተገኝቶ፣ «ይሞከርላቸው» ይባል ይሆናል። ያን ጊዜ እኔ አልከለክልም፤ አንቺም አትከልክዪ። ግን ጠይቂ፤ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል። በዚህ መሣሪያ ላይ የሠለጠንከው የት ነው? ጉሮሯቸው በካሜራ ወይም በራጅ ታይቷል? ፓዱን የት ልታደርግ ነው፣ ለምን እዚያ? ፍሰቱ ሲለቀቅ ምን እንዲውጡ ታደርጋቸዋለህ? ከስንት ቀጠሮ በኋላ መልሰህ ትመረምራቸዋለህ፣ ለውጥ ከሌለስ ታቆማለህ? ጥሩ ባለሙያ በእነዚህ ጥያቄዎች አይቆጣም። የሚቆጣውን ትታችሁ ውጡ።

ስለ እህትሽም አንድ ነገር ልበል። አባትሽን በቀን ሦስቴ፣ እያንዳንዱን ማዕድ በማንኪያ፣ ሳትቸኩል መመገብ ለአንድ ሰው ብቻ የሚተው ሥራ አይደለም። የደከመ አስታማሚ ይቸኩላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፤ ወንድማችሁም ተራ ይያዝ፣ «ይህ የሴት ሥራ ነው» ካለ እኔ ዘንድ ላኪው።

እንግዲህ ማሽኑን አትላኪ። ለእሱ የመደብሽው ገንዘብ ለካሜራው ምርመራ ይከፈል፤ የሚተርፈው እህትሽን የምታሳርፍ አንዲት ረዳት ይቀጠርበት። ዛሬ ማታ ደውዪላትና በዚህ ሳምንት ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ትያዝላቸው። የሚያደርሳቸው ሰው ካጣች እኔ አለሁ፤ ይዣቸው እሄዳለሁ።